ድምፅ የማይጠይቅ ሰፈር፦ አንድ መስማት የተሳነው የደሴ ወጣትና የምናባዊ ዓለም ጎረቤቶቹ

ይህ የጉዳይ ጥናት በደሴ ከተማ የሚኖር አንድ መስማት የተሳነው ወጣት በምናባዊ ዓለም ውስጥ እንዴት ማኅበረሰብ እንዳገኘ፣ ያ ማኅበረሰብ በምን እንደጸናና በምን እንደተፈተነ፣ በቤቱና በሰፈሩ ኑሮ ላይም ምን ለውጥ እንዳመጣ ይዘግባል። እኔ መስማት ከተሳናቸው ተማሪዎች ጋር የምሠራ መምህር ስሆን፣ ወጣቱን ከተማሪነቱ ጀምሮ፣ ቤተሰቡንም ከዚያ ወዲህ በቅርብ አውቃቸዋለሁ። ስማቸውን፣ የሰፈራቸውን ስምና ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ሌሎች ዝርዝሮችን ከእነርሱ ጋር ተስማምቼ ትቻለሁ።

ጉዳዩን መጻፍ ያስፈለገኝ ወላጆችም ሆንን መምህራን ስለ ጌም ስንነጋገር የምንይዘው መለኪያ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ነው። ልጁ ስልኩ ላይ ስንት ሰዓት እንዳቀረቀረ እንቆጥራለን፤ እዚያ ውስጥ ማን እንደሚጠብቀው፣ የቀረ እንደሆነ ማን «የት ጠፋ?» እንደሚለው ግን አንጠይቅም። በእኔ እምነት አንድ የሰዎች ስብስብ ማኅበረሰብ መሆኑ የሚለየው በዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የወሎ ሰው ይህንን ከቅሬው ያውቀዋል። ቅሬ፣ በሌላው አካባቢ እድር የሚባለው፣ አባሉን የሚያስተሳስረው በመዋደድ ብቻ አይደለም፤ ስሙ በመዝገብ ሰፍሮ፣ ለቀብር መውጣቱ ታይቶ፣ ሳይወጣ የቀረ እንደሆነም ተጠይቆና ተቀጥቶ ጭምር ነው። ስለዚህ የዚህን ወጣት የጌም ጓደኞች ስመዝን የያዝኩት ሚዛን ከውጭ የመጣ ሳይሆን ይኸው የሰፈራችን ሚዛን ነው።

ከጌሙ በፊት

ወጣቱ መስማት የተሳነው በዘጠኝ ዓመቱ፣ ማጅራት ገትር ታሞ ከዳነ በኋላ ነው። በዚያ ዕድሜው አማርኛን አሳምሮ ይናገር፣ ያነብና ይጽፍ ስለነበር ቋንቋው አልጠፋበትም፤ የጠፋበት ቋንቋውን የሚለዋወጥበት ሰው ነው። የራሱን ድምፅ መስማት ባለመቻሉ አነጋገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ ልጆች ሲስቁበት መናገሩን ቀነሰ፤ ከጊዜ በኋላም ከቤት ውጭ ጨርሶ ተወው። በትምህርት ቤት የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን ተማረ። ሆኖም ቤት ውስጥ ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አልነበረም፤ እናቱ ከእርሱ ጋር የሚግባቡበት የየዕለቱ የእጅ ጥቅሻ ለ«ብላ»፣ ለ«ና» እና ለ«ውሰድ» የሚበቃ እንጂ ጨዋታ የሚያጫውት አልነበረም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የሚታየው ቡና ሲፈላ ነው። ረከቦቱ ቀርቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ ልጁም ከሰው መሀል ይቀመጣል፤ አቦሉም ቶናውም በረካውም ይደርሰዋል። በፍቅርም በአክብሮትም የጎደለበት ነገር የለም። ሆኖም ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲስቅ እርሱ የሚያየው ጥርስ ብቻ ነው፤ ምን እንደተባለ እህቱን በዓይኑ ሲጠይቃት፣ «ቆይ፣ በኋላ እነግርሃለሁ» የሚል የእጅ ምልክት ታሳየዋለች። ያ «በኋላ» ብዙውን ጊዜ አይመጣም፤ ከመጣም ግማሽ ሰዓት የፈጀ ጨዋታ በሦስት ቃል አልቆ ይቀርብለታል። መስማት ከተሳናቸው ተማሪዎቼ መካከል ይህንን የቤት ውስጥ ብቸኝነት የማያውቅ አላጋጠመኝም፤ ወላጆች ግን ልጃቸው በሰው ተከቦ ስለሚያዩት ብቸኛ ነው ብለው አያስቡም።

ቅሬውም ቢሆን ለእርሱ ሙሉ አልነበረም። የሞት መርዶ የሚነገረው በጥሩምባ ነው፤ ጥሩምባውን ደግሞ እርሱ አይሰማውም። ሲጎረምስ ከአባቱ ጋር ወደ ቀብር መውጣት ቢጀምርም፣ ሁልጊዜ የሚወጣው ሌላ ሰው ሲቀሰቅሰው ነው።

ወደ ጌሙ የገባበት መንገድ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ኮምቦልቻ ያለ የአጎቱ ልጅ የቆየ ላፕቶፑን ሰጠው። ላፕቶፑ ላይ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ የሚባል ጌም ተጭኖ ነበር። ጌሙን የሚያስተዳድረው ጃጌክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የመጀመሪያውን ሩንስኬፕ በጥር ወር 2001 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የከፈተ ሲሆን፣ «ኦልድ ስኩል» የሚባለው ደግሞ በ2007 ከተቀመጠ ቅጂ ተነስቶ በ2013 እንደገና የተከፈተው ነው። ተጫዋቾች በአንድ ሰፊ ዓለም ውስጥ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ማዕድን ይቆፍራሉ፣ ይነግዳሉ፣ ጭራቅም ይዋጋሉ።

ከብዙ ጌሞች መካከል በዚህኛው መጽናቱ በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። አንደኛው ምክንያት መስመሩ ነው። ጌሙ ማንኛውንም እንቅስቃሴ የሚቆጥረው በየ0.6 ሰከንዱ በመሆኑ፣ ፈጣን ተኩስ በሚጠይቁ ጌሞች ላይ ተጫዋቹን ከጨዋታ የሚያስወጣ የኢንተርኔት መዘግየት እዚህ ያን ያህል አይጎዳም፤ ዳታውንም ቶሎ አይጨርስም፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይሸከመዋል። ዋናው ግን ሌላ ነው። በዚያ ዓለም ፊት ለፊት የሚነገር ነገር በጽሑፍ ከተናጋሪው ራስ በላይ ይታያል። ለወጣቱ ከዘጠኝ ዓመቱ ወዲህ ማን ምን እንዳለ፣ ለማን እንዳለና መቼ እንዳለ ራሱ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ምናባዊ ዓለሞች ሲጀመሩ ከጽሑፍ በቀር ሌላ ነገር አልነበራቸውም፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾው እና ሪቻርድ ባርትል የሠሩት ማድ የተባለው የመጀመሪያው የብዙ ተጫዋቾች ዓለም ሥዕል እንኳ የሌለው፣ በቃል ብቻ የቆመ ነበር። መስማት ለተሳነው ሰው ይህ ድህነት ሳይሆን የተከፈተ በር ነው።

በነጻ የሚጫወትበት ክፍል ሲያልቅበት ወደ ከፋዮቹ ክፍል መሻገር ፈለገ። የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ግን ደሴ ላይ ከየት ይመጣል? ጌሙ ለዚህ አንድ መውጫ አለው፤ ቦንድ የሚባለውን ዕቃ በጌሙ ወርቅ ገዝቶ የ14 ቀን አባልነት ማግኘት ይቻላል። ወጣቱ ሳምንታት ዓሣ አጥምዶና ማዕድን ቆፍሮ ወርቁን አጠራቀመ። አንድ ጊዜ «ወርቅህን እጥፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ» ያለ አጭበርባሪ ያለውን ሁሉ ስለወሰደበት፣ እንደገና ከባዶ ተነስቷል።

አባል ሆኖ በገባበት ሰሞን ዊንተርቶድት ወደሚባለው ስፍራ ሄደ። እዚያ ተጫዋቾች በአንድነት ሆነው እሳት በማንደድ ብርድን ይዋጋሉ፤ አንዱ ሥር ይቆርጣል፣ ሌላው ምድጃ ያቀጣጥላል፣ ሌላው የተሰበረውን ይጠግናል፤ ሙቅ ልብስ ያልለበሰ ቶሎ ይጎዳል። አንድ ምድጃ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ሌላው ያነደዋል ብሎ ሲጠባበቅ፣ ወጣቱ ሮጦ አነደደው። ወዲያው ከአጠገቡ የነበረ ተጫዋች በላቲን ፊደል «ጎበዝ» ብሎ ጻፈ፤ ጌሙ የግዕዝን ፊደል አይቀበልምና። ያ ሰው አዲስ አበባ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሆኖ ተገኘ። ወጣቱን ራሱ ወደነበረበት ክላን፣ ማለትም አብሮ ወደሚጫወት የተጫዋቾች ቡድን፣ የጋበዘው እርሱ ነው፤ የክላኑ አባላት አብዛኞቹ አውሮፓ የሚኖሩ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ድምፅ የተጠየቀበት ጊዜ

ለወራት መስማት እንደማይችል ማንም አላወቀም፤ እርሱም አልነገራቸውም። መደበቁ እፍረት ነበር ለማለት አልደፍርም። ሰው ሲያየው አስቀድሞ ጆሮውን ያየበት ነበር፤ እዚህ ግን አስቀድሞ የሚታየው ሥራው ነው። ያን ዕረፍት ይፈልገው ነበር ብል የበለጠ እውነት ይመስለኛል።

ችግሩ የመጣው ክላኑ ቻምበርስ ኦፍ ዜሪክ ወደተባለው ከባድ የቡድን ውጊያ መግባት ሲጀምር ነው። የክፍሎቹ አቀማመጥ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ አባላቱ ዲስኮርድ በሚባለው የመነጋገሪያ መተግበሪያ በድምፅ እየተነጋገሩ ይገቡ ነበር። ወጣቱ ሁሉም ወደ ግራ ሲሄዱ ብቻውን ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ «ውጣ» ሲባል ይቆያል፤ በእርሱ ምክንያትም ቡድኑ ደጋግሞ ተሸነፈ። አንዳንዶቹ የማይታዘዝ፣ ግድ የሌለው ሰው አድርገው ቆጠሩት። የቡናው ሰዓት እዚህም ተከትሎት መጣ። ክላኑን ጥሎ ሊወጣ ወስኖ ሳለ፣ በጋበዘው የአዲስ አበባ ልጅ ግፊት እውነቱን ለሁሉም ጻፈ።

የዚህ ጉዳይ ዋና ማጠፊያ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የክላኑ መሪዎች ያዘኑለት ወይም ያጽናኑት ቢሆን ኖሮ ይህንን ጥናት ባልጻፍኩ ነበር። ሥርዓታቸውን ለወጡ። በየውጊያው አንድ ሰው ጸሐፊ ሆኖ እንዲመደብ፣ በድምፅ የሚሰጠው ትእዛዝ ሁሉ በሁለትና በሦስት ፊደል አጥሮ እንዲጻፍ ተስማሙ፤ አጽሕሮቶቹንም ከእርሱ ጋር አብረው አወጡ። ጽሑፍ የሚመቻቸው ሌሎች አባላትም ነበሩና፤ እንግሊዝኛን በጆሮ መከታተል የሚቸግራቸው፣ ሕፃን ተኝቶባቸው ድምፅ ማሰማት የማይችሉ ወላጆችም በዚሁ ሥርዓት ተጠቀሙ።

የጠፋበትና የተፈለገበት ጊዜ

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መብራትም ስልክም ተቋረጠ። መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን ያስታወቀው በኅዳር መጨረሻ ነው። የወጣቱ ቤተሰብ በእነዚያ ሳምንታት ያሳለፈውን እዚህ አልዘረዝርም፤ የጥናቱ ጉዳይም አይደለም፤ ደሴዎች ሁላችንም እናውቀዋለን። መስመሩ ተመልሶ ወደ ጌሙ ሲገባ ያገኘውን ግን መመዝገብ ያስፈልጋል። የክላኑ ደንብ ለረጅም ጊዜ የጠፋ አባል እንዲሰረዝ የሚያዝ ሆኖ ሳለ የእርሱ ስም ከነማዕረጉ ተጠብቆ ቆይቶታል። ደሴ የምትባለውን ከተማ ከዚያ በፊት ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ካርታ ላይ ፈልገዋት፣ ስለ እርሷ የወጣውን ዜና እየተከታተሉ፣ እርስ በርስ ይጠያየቁ እንደነበር ከቆየው መልእክት አነበበ። አንዱ በየጥቂት ቀኑ «እስካሁን አልገባም» እያለ ይጽፍ ነበር። ወጣቱ ይህንን ሲያሳየኝ ጣቱን ያሳረፈው በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የከፋ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ከተዘጋ በኋላ ወጣቱ ወደ ጌሙ የሚገባው አልፎ አልፎ፣ ባለገመድ መስመር ካለው ኢንተርኔት ቤት ነበር። አባቱ በድንገት የሞቱት በዚሁ ጊዜ ነው። ቅሬው እንደ ወጉ ደረሰ፤ ድንኳን ተተከለ፣ ጀናዛው በሰው ትከሻ ወጣ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ቤቱን ሞላው። ከክላኑ ማንም ሊመጣ አልቻለም። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛው እንኳ መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበር ቀረ። ይህንን ሳላለዝብ መጻፍ አለብኝ፤ በምናባዊ ዓለም ያለ ጎረቤት ቃሬዛ አይሸከምም፣ አፈር አያለብስም፣ ሌሊት ከሐዘንተኛ ጋር አያድርም።

ያም ሆኖ ዳታ ቢጠፋም አጭር የጽሑፍ መልእክት ይሠራ ነበር። ያ ጓደኛው ከየአገሩ የሚጻፈውን እያሳጠረና ወደ አማርኛ እየመለሰ ማታ ማታ በኤስኤምኤስ ይልክለት ጀመር። ከመልእክቶቹ አንዱ «አብሽር» የምትል ብቻ ነበረች፤ ኖርዌይ ያለ አባል ቃሏን ከጓደኛው ጠይቆ፣ በራሱ እጅ ጽፎ ያስላካት ናት። ጓደኛው በበኩሉ ያለ ዳታም በሚሠራው ቴሌብር ገንዘብ ላከ። የቅሬው ጸሐፊ ለለቅሶው የመጣውን ሲመዘግቡ «ይህ ማነው? ዘመድ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ እህቱም «ጓደኛው ነው» ብላ አስመዘገበችው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በድንኳኑ ውስጥ የሆነው ነው። ሽማግሎች ስለ አባቱ እየተቀባበሉ ያወሩ ነበር፤ በወጣትነታቸው ምን እንደሠሩ፣ ማንን እንዳስታረቁ፣ ለማን ዋስ እንደሆኑ። ልጁ የገዛ አባቱ ታሪክ ሲነገር ከፊታቸው ተቀምጦ ከንፈር ያያል። በሁለተኛው ቀን ስልኩን ለእህቱ ሰጣትና፣ በክላኑ እንደሚደረገው የሚባለውን ሁሉ እንድትጽፍለት ጠየቃት። ቀድሞ እንዲህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም፤ የሚቻል መሆኑንም አያውቅም ነበር። እርሷም ስልኩ ላይ አቀርቅራ ጻፈች። መጀመሪያ አንዳንዶች ለቅሶ ላይ ስልክ ትነካካለች ብለው ቅር አላቸው፤ የምታደርገውን ሲረዱ ግን አንድ አዛውንት ንግግራቸውን ረጋ አድርገው፣ እርሷ ጽፋ እስክትጨርስ እየጠበቁ መናገር ጀመሩ። እነዚያ ጽሑፎች ዛሬም በስልኩ ላይ አሉ። ከለቅሶው በኋላ ልማዱ ወደ ቡናው ተሻግሯል፤ እህቱ ስትደክም የጎረቤት ልጅ ትተካታለች።

ጉዳዩን ከሌሎች ጋር ሳስተያየው

የኖርዌዩ ማትስ ስቲን ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የተወለደው ማትስ ዱሼን በሚባለው ጡንቻን በሚያዳክም በሽታ ተይዞ፣ በኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. በ25 ዓመቱ ሞተ። ወላጆቹ በጌም ያለፈውን ዕድሜውን እንደባከነና እንደብቸኝነት ቆጥረው አዝነው ነበር። አባቱ የልጁን መሞት በማትስ ብሎግ ላይ ሲጽፍ ግን ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተባለው ጌም ስታርላይት ከሚባለው ቡድን የሐዘን ደብዳቤ ጎረፈ፤ ከተለያየ አገር ተነስተው ቀብሩ ላይ የተገኙም ነበሩ። ልዩነቱ የኖርዌይ ቤተሰብ ይህንን ያወቀው ከሞቱ በኋላ ሲሆን፣ የደሴው ቤተሰብ ግን ልጃቸው በሕይወት እያለ፣ በልጁ በራሱ እጅ ማወቃቸው ነው።

ኮንስታንስ ስታይንኩለር እና ዲሚትሪ ዊሊያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ጌሞች ከቤትም ከሥራም ውጭ ሰው የሚገናኝበት ሦስተኛ ቦታ ሆነው እንደሚያገለግሉ ጽፈዋል፤ ይሁን እንጂ ለጥልቅ ስሜታዊ ድጋፍ ሳይሆን ከማያውቁት ዓይነት ሰው ጋር ለመተዋወቅ ይበልጥ እንደሚያመቹ ጠቁመዋል። በዚህ ጉዳይ ያየሁት ትውውቁ ወደ ጥልቀት የተሻገረው በሁለት ነገሮች ነው፤ አብሮ በተሠራ ሥራና ለአንዱ አባል ሲባል በተለወጠ ደንብ። ያለ እነዚህ ሁለቱ፣ ሺህ ሰው በሚርመሰመስበት ጌም ውስጥም ብቸኛ የሆኑ ተማሪዎች አሉኝ።

ጉዳቱም አለ። የክላኑ ዝግጅት በእንግሊዝ አቆጣጠር ማታ ሲሆን እኛ ዘንድ ከምሽቱ 5 ሰዓት ያልፋል፤ ወጣቱ በ12ኛ ክፍል ዓመቱ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ውጤቱም ከችሎታው በታች ነበር። እናቱ በዚህ እስከ ዛሬ ያዝናሉ፤ ሐዘናቸውም ተገቢ ነው። የረዳው መከልከሉ ሳይሆን እንቅልፉን ለክላኑ መንገሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ብቻ እንዲመደብ አድርገውታል። የዳታ ወጪም ለቤቱ ቀላል አይደለም፤ አሁን ኮምፒውተርና ስልክ እየጠገነ ራሱ ይሸፍነዋል።

በአባቱ ቦታ በቅሬው መዝገብ የሰፈረው እርሱ ነው። በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ ሞት ሲኖር ከጥሩምባው ጋር ለሁሉም አባል አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክ የሚል ሐሳብ በእህቱ አንደበት አቀረበ። ሌሊት በር ዘግተው የሚተኙና ከከተማ ዳር የሚኖሩ አባላት ደግፈውታል፤ የቅሬው ዳኛ ደግሞ የመልእክቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍንና ስልክ የሌላቸው አረጋውያን እንዳይዘነጉ ጠይቀዋል። ወጣቱ የአባላቱን ስልክ ቁጥር መዝግቦ መልእክቱን ራሱ ለመላክ ፈቃደኛ ሲሆን፣ ሐሳቡ ለቅሬው አጠቃላይ ስብሰባ ተላልፎ ውሳኔ እየጠበቀ ነው።